ከክረምት በፊት ሃምሳ ሁለት ቀን

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ መክብብ 10፥18፤ ነህምያ ምዕራፍ 2 እስከ 6



ይህን ጽሑፍ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እስቲ ቀና በሉና ጣሪያችሁን እዩት። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት አለ? ባለፈው ክረምት ድስት የደቀናችሁበት ቦታ የት ነበር? አልጋውን ከግድግዳ ያራቃችሁት በየትኛው በኩል ነው? ታስታውሳላችሁ። ይህን ማንም አይረሳም። ያን ሌሊት ሁላችንም ያልነው አንድ ነው፦ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ አሠራዋለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ጠባ። አጨዳው መጣ፣ ውቂያው መጣ፣ ሰርጉ መጣ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ መጣ፣ ፋሲካም አለፈ። ጣሪያው ግን እንደዚያው ነው። ቀዳዳው በራሱ አልተደፈነም።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጊዜ ጸደይ ይሉታል። ሰኔ 26 ክረምት ይገባል። በእኛ አገር በዚህ ወቅት በልጉ ብቅ እያለ ይጠፋል። ያ የበልግ ካፊያ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሳይመጡ ቤታችን የት የት ላይ እንደሚያፈስ ያሳየናል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ድስቱን ደቅነን እንደገና እንተኛለን?

የመክብብ ጸሐፊ በምዕራፍ 10 ቁጥር 18 ላይ በአጭሩ ይነግረናል፤ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ጣሪያው ይጎብጣል፣ ቤቱም ያፈሳል ይላል። ልብ በሉ፤ ቤቱን ማንም አላፈረሰውም። ጠላት አልመጣበትም፣ እሳት አልተነሣበትም። ዝም ስለተባለ ብቻ ፈረሰ። ዛሬ የምንነጋገረው በዝምታ ስለሚፈርስ ቤት ነው።

1. እግዚአብሔር ጣሪያችንን ያያል

አንዳንዶቻችሁ «ሰባኪው ዛሬ ስለ ሚስማርና ስለ ጭቃ ሊያወራን ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለሚያወራ እናወራለን።

ዘዳግም 22፥8ን ተመልከቱ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ለምን ቢባል፣ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። ስለዚህ ቤታችንን የምንይዝበት መንገድ በእግዚአብሔር ፊት የፍቅር ጉዳይ ነው፤ የሰው ሕይወት አለበት። የተቀደደ ቆርቆሮ በነፋስ ተገንጥሎ የጎረቤት ልጅ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ያዘመመ አጥር መንገደኛ ላይ ቢናድ ማን ይጠየቃል?

ዘሌዋውያን 14ን ደግሞ አንብቡ። በቤቱ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ያየ ሰው ወደ ካህኑ ሄዶ ይናገራል። ካህኑ መጥቶ ያያል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ተመልሶ እንደገና ያያል። ምልክቱ ከሰፋ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይመረጋል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ካህን ግድግዳ ይመረምር ነበር! በእርጥብ ግድግዳ ሥር ተኝቶ ሌሊቱን ሁሉ የሚስል ሕፃን ያላት እናት ይህ ሕግ ለምን እንደተሰጠ ይገባታል።

ለእኛ ለወንጌል አማኞች ደግሞ ቤት ሌላም ትርጉም አለው። ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይልካል። በአገራችንም ይህን አይተናል። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ መንግሥት ስትዘጋ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሰው ተሰበሰቡ። መዝሙር በሹክሹክታ ተዘመረ፣ ቃሉ በጓዳ ተነገረ። እነዚያ ዓመታት ሲያልፉ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተዘጋችበት ጊዜ ይልቅ በብዙ እጥፍ አድጋ ተገኘች። የዚያን ጊዜ የጸሎቱ አዳራሽ የሰው ሳሎን ነበር። ስለዚህ ቤትህን ስትጠግን ከመንፈሳዊው ሥራ ወጣሁ አትበል። ልጆችህ ተንበርክከው መጸለይ የሚማሩት በዚያ ወለል ላይ ነው።

2. ሃያ ሦስት ዓመት ያልተጠገነው ቤት

ታዲያ ለምን አንጠግንም? መጽሐፍ ቅዱስ አንዱን ምክንያት በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያሳየናል። ንጉሥ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት መሰንጠቁን አይቶ ካህናቱን ከሚገባው ገንዘብ እንዲጠግኑት አዘዘ። ትእዛዙ መልካም ነው። ገንዘብም ይገባል። ሠራተኞችም አሉ። ነገር ግን ንጉሡ በነገሠ በሃያ ሦስተኛው ዓመት ሲታይ ስንጥቁ እንደነበረ ነው።

ካህናቱ ክፉዎች ነበሩ አልተባለም። በየቀኑ መሥዋዕት ያቀርባሉ፣ በየቀኑ በስንጥቁ አጠገብ ያልፋሉ። ዓይናቸው ለመደው። የሁሉም ሥራ ስለነበር የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ። በቤታችንስ እንዲህ አይደለም? ባል ሚስቱ ነገሩን እንድታስታውሰው ይጠብቃል፤ ሚስት ስትናገር ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ልጆቹ የአባታችን ሥራ ነው ይላሉ፤ ተከራይ የባለቤቱ ነው ይላል፤ ባለቤቱ የሚኖርበት ይጠግን ይላል። በመካከሉ ውሃው አይጠብቅም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይሉ የለ የአገራችን ሰዎች?

መፍትሔው ምን ነበር? ካህኑ ዮዳሄ ሳጥን ወሰደ፣ በክዳኑ ላይ ቀዳዳ አበጀ፣ በመሠዊያው አጠገብ አስቀመጠው። ለጥገናው የተለየ ገንዘብ፣ የተለየ ቦታ፣ ኃላፊነቱን የያዘ ሰው። ገንዘቡም ለብር ዕቃ አልዋለም፤ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለእንጨትና ለጥርብ ድንጋይ ዋለ። ሥራው ተሠራ።

ወንድሜ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ሳጥን አለህ? የዱቄት ቆርቆሮም ቢሆን ይበቃል። የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ምን ያህል እንደናረ እናውቃለን፤ ሙሉውን ጣሪያ በአንድ ጊዜ የሚለውጥ በመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ ከገበያ መልስ ትንሽ ትንሽ የሚጣልበት ሳጥን ለአንድ ቅጠል ቆርቆሮ ይደርሳል። በአንድ ቅጠል የሚደፈነውን ዛሬ ያልደፈነ፣ የከርሞ ዓመት እንጨቱ ሲበሰብስ ወራጁንም ማገሩንም ይገዛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

3. የደከመውና የፈራው

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ሁሉን ሰው ሰነፍ ብዬ ብናገር እግዚአብሔር አይወደውም። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ጣሪያውን ያልጠገነው ከስንፍና አይደለም። ልቡ ስለደከመና ስለፈራ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ጦርነቱ ወልድያን፣ መርሳንና ዙሪያውን እንዴት እንዳደረገ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስንቱ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጣ፤ ሲመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ዕቃው ተወስዶ፣ ግድግዳው በጥይት ተበሳስቶ አገኘው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እንደገና ስጋት መጣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ተብሎ እፎይ ሳንል ሌላ ግጭት ተከተለ። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው መሰላል አምጥቶ ጣሪያ ላይ ሊወጣ ሲል ልቡ ምን ይለዋል? «ለማን ብዬ? ነገ ደግሞ ቢፈርስስ?» ይለዋል።

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ አንናቀው። እግዚአብሔርም አልናቀውም። ኤርምያስ 32ን እንመልከት። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባለች። ነቢዩ ራሱ በግዞት አደባባይ ታስሯል። ከተማይቱ እንደምትወድቅም ያውቃል፤ ራሱ ነው የተናገረው። በዚያ ቀን እግዚአብሔር ምን አዘዘው? በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ ግዛ አለው። ኤርምያስም 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ምስክሮች አቆመ፣ የግዢውን ውል ፈርሞ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ጠላት በበር ሳለ መሬት ገዛ! ምክንያቱም በዚያች ምድር ቤትና እርሻ የወይን ቦታም እንደገና እንደሚገዛ እግዚአብሔር ተናግሮ ነበር።

ኤርምያስ ነገ ጦርነት የለም ብሎ አይደለም የገዛው። የነገው ጌታ ማን እንደሆነ ስላወቀ ነው። እኛም ጣሪያችንን የምንጠግነው ሰላሙ አስተማማኝ ስለሆነ አይደለም። ነገ በሰው እጅ ሳይሆን በእግዚአብሔር እጅ ስላለ ነው። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት፣ አገራቸው ላልሆነ አገር፣ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ አትክልትም ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ ተጽፎላቸዋል። በሰው አገር ላሉት እንዲህ ከተባለ በአባቶችህ መሬት ላይ ላለኸው ምን ይባል?

እህቴ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ ምናልባት ያጣሽው ዕቃ ብቻ አይደለም። ግድግዳውን ያቆመው ባልሽ የለም ይሆናል። ምርጊቱን የመረገው ልጅሽ አልተመለሰም ይሆናል። ያን ግድግዳ መንካት እርሱን መንካት ይመስልሻል። ቤት ተጠገነ ማለት የሞተ ተረሳ ማለት አይደለም። ያ ወገንሽ ጭቃውን የረገጠው አንቺና ልጆቹ ደረቅ ቦታ እንድታድሩ ብሎ ነበር። ልታስታውሺው የምትችዪበት አንዱ መንገድ የጀመረውን ሥራ ማስቀጠል ነው።

4. በሌሊት የዞረው ሰው

እንግዲህ ወደ ነህምያ እንምጣ። ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ስብሰባ አልጠራም፣ ንግግርም አላደረገም። ሦስት ቀን ቆይቶ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ተነሣና ቅጥሩን ዞረ። የፈረሰውን በር አየ፤ ፍርስራሹ በዝቶ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ነው ለሕዝቡ ተነሥተን እንሥራ ያለው።

እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ ትልልቅ ልጆችም ካሉ አብረው፣ ቤታችሁን በውስጥም በውጭም ዙሩ። አትቆጡ፣ አትወቃቀሱ። ብቻ እዩና ጻፉ። ምን ታያላችሁ?

ቆርቆሮ ከሆነ ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ በዚህ ምክንያት ዓመት ቆጥሮ ይላላል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ላስቲክም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቆርቆሮው ሳይሆን ይህች ቀዳዳ ናት። ቀን ቤቱን ዘግታችሁ ወደ ላይ ብታዩ በጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ታያላችሁ፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። የላላውን ሚስማር ንቀሉ፣ ወፈር ባለ ሚስማር ከአዲስ ላስቲክ ጋር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምቱት፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። ላስቲክ መግዛት ካቃተ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚቆረጠውም ያገለግላል። የዛገውን ቦታ ፍቃችሁ ሬንጅ ቀቡት። ጣሪያ ላይ ስትወጡ ግን ቆርቆሮው እርጥብ ሲሆን አትውጡ፤ መሰላሉንም ሰው ይያዝላችሁ።

የሳር ክዳን ከሆነ ጉልላቱን እዩ፤ መበስበስ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከጫፉ ነው። የሳሳውን ቦታ ደረቅ ሳር ሳይጠፋ በላዩ ላይ ደርቡ።

የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ምርጊት በዝናብ እንደማይደርቅ ታውቃላችሁ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መቆየት አለበት፤ ከተመረገ በኋላም ለመድረቅ ፀሐይ ይፈልጋል። በሰኔ መጨረሻ የጀመረ ሰው ጭቃውን ለጎርፍ ያስረክባል። አሁን በሁለት የበልግ ዝናብ መካከል ያለውን ደረቅ ሳምንት የያዘ ግን ይጨርሳል። የቋሚዎቹን ሥርም ቆፍሮ ማየት ነው። በሐብሩ ቆላ ምስጥ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም፤ ላዩ ደህና የሚመስል ምሰሶ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አዲስ እንጨት ስታስገቡ መሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፉን የተቃጠለ ዘይት ቀብታችሁ አስገቡት።

ከዚያ ወደ ደጅ ውጡና ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። ወልድያ በተራራ መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ከላይ ያለው የሰው ግቢ ውሃ በእናንተ ግቢ ያልፋል። ወደ መርሳ ወደ ሜዳው ስንወርድ ደግሞ ጎርፉ ከደጋው ዘንቦ በጠራ ሰማይ ሥር ይደርሳል። ቤትን የሚጥለው ብዙ ጊዜ በጣሪያ የሚገባው ውሃ ሳይሆን በመሠረቱ ሥር የሚተኛው ነው። በደለል የተሞላውን ቦይ ጥረጉ። አሸንዳው ከተዘጋ ቅጠሉን አውጡ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አካፋና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይጠይቃል። ስትጠርጉ ግን ውሃውን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አትመልሱ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የተባለው ትእዛዝ በቦይም ላይ ይሠራል።

እግዚአብሔር ሆይ ጎርፉን አርቅልኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው መልካም አደረገ። ቦዩን ሳይጠርግ ከጸለየ ግን ጸሎቱን ግማሽ አድርጎታል።

5. ከቤትህ ፊት ለፊት፣ ከዚያም ሁለተኛውን ክፍል

የነህምያ ምዕራፍ 3 ስም የበዛበት ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘልለነው እናልፋለን። አትዝለሉት። ወርቅ አንጥረኛው ይሠራል፣ ሽቱ ቀማሚው ይሠራል፣ ሊቀ ካህናቱ ይሠራል። ሰሎም የሚባለው ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ይሠራል። ስለዚህ ይህ የወንድ ሥራ ነው የምትሉ ምዕራፉን እንደገና አንብቡ። ብዙዎቹ የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ነው። የቴቁሔ ሰዎች ግን ድርሻቸውን ጨርሰው ሌላ ክፍል ጨመሩ። ያውም ታላላቆቻቸው እጃቸውን ለሥራው አልሰጡም ነበር።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ በሰፈራችሁ ሁለተኛው ክፍል የማን ቤት ነው? ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ መሰላል ላይ የሚወጣላት የሌላት ማን ናት? ዓይናቸው የደከመ፣ ጣሪያቸው ማፍሰሱን የሚያውቁት ልብሳቸው ሲርስ ብቻ የሆነ አዛውንት ማን ናቸው? ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እና 16 ላይ የተራቆተውን ወንድም በባዶ ቃል ሙቀትና ጥጋብ ተመኝቶለት የሚያሰናብተውን ሰው ይጠይቀዋል፤ ምን ይጠቅመዋል? እኛም በነሐሴ ዝናብ መሃል ቤቷ ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን ጸልየን ብንወጣ ድስቱ ያው ሞልቶ ይፈስሳል።

ወሎ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። ጅጌ አለን፣ ወንፈል አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ቅሬ አለን። ሰው ሲሞት ለመሰብሰብ ማን ይቀድመናል? በሕይወት ሳለ ጣሪያውን ለመሥራትስ ለምን አንሰበሰብም? የየአጥቢያው ወጣቶች ሁለት ቅዳሜ፣ ሁለት ቤት ብትይዙ፣ እናቶች ቆሎና ቡና ብታዘጋጁ፣ አናጢ የሆነ ወንድም ግማሽ ቀን እጁን ቢሰጥ ምን ይከብዳል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በዚህም ጊዜ «የእኛ አባል ናት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ እኛ በመካከላቸው ጥቂቶች ነን። ጌታ ራሱ አባቱ ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም ዝናብ እንደሚያዘንብ ተናግሯል። ዝናቡ ካልለየ ጣሪያ የሚጠግን እጅ ለምን ይለያል? በችግር ጊዜ እነርሱም ለእኛ በር ከፍተዋል።

የሚጠገን ቤት እንኳ የሌላቸውን ደግሞ አንርሳ። በዚሁ በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች በሸራ ሥር ክረምት አሳልፈዋል። የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ሰው በእነርሱ ፊት ባለጸጋ ነው። ከጥገና የተረፈ ቆርቆሮ፣ ላስቲክ፣ ገመድ፣ ምንጣፍ ካለህ በግቢህ ዝጎ እንዳይቀር ለሚያስፈልገው አድርስ።

ነህምያ 6፥15 ላይ ቅጥሩ በሃምሳ ሁለት ቀን ውስጥ ተጨረሰ ይላል። ብዙ ዘመን ፈርሶ የቆየው፣ ሁሉም በአጠገቡ እያለፈ የለመደው፣ በምዕራፍ 4 ላይ ተሸካሚዎቹ ደከሙ ፍርስራሹም ብዙ ነው የተባለለት ቅጥር፣ በሃምሳ ሁለት ቀን! እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩ። ግንቦት 1 ጀምራችሁ ሃምሳ ሁለት ቀን ብትቆጥሩ ሰኔ 22 ላይ ትደርሳላችሁ። ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። ቁጥሩ ምትሃት የለውም፤ ነገር ግን ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። እነርሱ ከተማ ከበቡበት፤ እኛ አንድ ጣሪያ እንጠግንበት።

6. ዝናቡ በሁለቱም ቤት ላይ ወረደ

በመጨረሻ፣ ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ ምዕራፍ 7 ስለ ሁለት ቤቶች ተናገረ። አንዱ በዓለት ላይ፣ ሌላው በአሸዋ ላይ ነበር። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ወረደ፣ ጎርፉ ወደ ሁለቱም መጣ፣ ነፋሱ ሁለቱንም ገፋ። ያመነ ሰው ቤት ዝናብ አይደርስበትም አላለም። ልዩነቱ መሠረቱ ላይ ነበር፤ ቃሉን ሰምቶ በሚያደርግና ሰምቶ በሚተው መካከል።

ወዳጄ ሆይ፣ የልብህስ ጣሪያ እንዴት ነው? ከወንድምህ ጋር የተቋረጠው ሰላምታ ስንት ክረምት አለፈበት? «ቆይ፣ ሕይወቴን ላስተካክልና ወደ ጌታ እመጣለሁ» ያልከው መቼ ነበር? እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከቆርቆሮው ይለያል። የእጃችንን ቤት ራሳችን እንጠግናለን፤ በኃጢአት የፈረሰውን ልብ ግን ማንም ሰው በራሱ መሰላል ወጥቶ አይጠግነውም። ጌታም ቤቱ እስኪጸዳ በደጅ አይቆምም። ዘኬዎስ የበደለውን መመለሱን ከመናገሩ በፊት ነው ኢየሱስ ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል ያለው። መጀመሪያ እርሱ ይገባል፤ ጥገናው ከዚያ ይጀመራል። የናዝሬቱ አናጢ ስንጥቃችንን አይቶ አይሸሽም። ለእኛ ኃጢአት በመስቀል ላይ ሞቶ ተነሥቷልና የሚያምንበትን ሁሉ ይቀበላል።

ምድራዊው ቤታችን ብንጠግነውም አንድ ቀን ይፈርሳል፤ በሰማይ ግን በእጅ ያልተሠራ ዘላለማዊ ቤት አለን። ይህን ተስፋ የያዘ ሰው በምድር ያለውን ቤት አይንቅም፣ አያመልክምም። ጌታው እስኪመጣ በአደራ የተቀበለው ነውና ይጠብቀዋል።

እንግዲህ እንጸልይ።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በደጃችን ቆመህ ስለምታንኳኳ እናመሰግንሃለን። የለመድነውን ስንጥቅ የሚያይ ዓይን ስጠን። ከስንፍና የተቀመጥነውን አስነሣን፤ ከድካምና ከፍርሃት የተቀመጥነውን እጃችንን ያዝ። በወልድያ፣ በመርሳ፣ በሐብሩ ያሉትን ቤቶች ሁሉ በሰላምህ ጠብቅ። መበለቲቱ፣ አረጋዊው፣ ተፈናቃዩ በዚህ ክረምት ደረቅ ቦታ እንዲያድሩ እኛን ተጠቀምብን። ልባችንን ከፍተንልሃል፤ ግባና ያፈረስነውን አንተ ሥራው። በስምህ ለምነናል፣ አሜን።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ለጎረቤት ስጡት። ስትሰጡትም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ መሰላል ካላችሁ መሰላሉን ይዛችሁ ሂዱ።